ስምንት ጊዜ የታደሰ ውል እና ያልመጣው የቋሚነት ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «ባህር ዳር፣ ጣና ዳር በሚገኝ አንድ ሆቴል ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአስተናጋጅነት ስሠራ ቆይቻለሁ። ደመወዜ 4,500 ብር ነው። በየስድስት ወሩ ውል እፈርማለሁ፤ እስካሁን ስምንት ጊዜ ፈርሜያለሁ። በየጊዜው ‹ትንሽ ታገሺ፣ ቋሚ እናደርግሻለን› ይሉኝ ነበር። ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ውሉ ሲያበቃ ግን አይታደስም ተባልኩ። ክረምቱ ሲያልፍ ለመስቀል እንደሚጠሩኝ፣ ያኔም የምፈርመው ከሆቴሉ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት ጋር እንደሚሆን ነግረውኛል። ለዚህም አስቀድሜ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳስገባ ተጠይቄያለሁ። ኮንትራት ስለሆንሽ መብት የለሽም ይሉኛል። እውነት ነው? ብከስስስ በዚህ ከተማ ሌላ የሚቀጥረኝ አገኛለሁ?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎ የደረሰኝ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ሕጉ ዝርዝር ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገሮችን ልንገርዎት። የመልቀቂያ ደብዳቤውን አይጻፉ፤ ሌላ ሰው ጽፎ ቢያቀርብልዎትም አይፈርሙ። ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ ሦስት ወር ብቻ ነው። ሰኔ 30ን መነሻ አድርገን በጥንቃቄ በ90 ቀን ከቆጠርነው፣ የጳጉሜን አምስት ቀናት ጨምሮ፣ መስከረም 25 ላይ ያበቃል። ለመስቀል እንጠራሻለን የተባሉት መስከረም 17 ነው። ጥሪውን ሲጠብቁ ቢቆዩና ባይጠሩ፣ ክስ ለማዘጋጀት የሚቀርዎት ከስምንት ቀን አይበልጥም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። «ኮንትራት ስለሆንሽ መብት የለሽም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው ደግሞ «ቋሚ» የሚለውን ቃል ከምንረዳበት መንገድ ነው። በከተማችን ያለ ሠራተኛ ቋሚ መሆንን አሠሪው አንድ ቀን በደብዳቤ የሚሰጠው ሹመት አድርጎ ያስበዋል፤ አሠሪውም እንዲሁ ያስባል፣ ወይም እንዲታሰብ ይፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የቋሚነት ደብዳቤ የሚባል ነገር አያውቅም። የአዋጁ አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ከዚህ ውጭ የሚሆኑት በአንቀጽ 10 አንድ በአንድ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ መደበኛው ውል ላልተወሰነ ጊዜ የሚደረገው ነው፤ በጊዜ የተገደበው ውል ልዩ ሁኔታ ነው፤ ልዩ ሁኔታ አለ የሚል ወገንም ያንን ማስረዳት ይጠበቅበታል። እርስዎ አራት ዓመት ሙሉ የጠበቁት ነገር፣ ሥራዎ ከአንቀጽ 10 ዝርዝር ውስጥ እስካልገባ ድረስ፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በእጅዎ የነበረ ነው።

ታዲያ የአስተናጋጅነት ሥራ ከዝርዝሩ ውስጥ ይገባል? አንቀጽ 10 የሚፈቅደው ለምሳሌ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሠራተኛ ለጊዜው ለመተካት፣ ከወትሮው የተለየ የሥራ ጫና ሲያጋጥም፣ በሕይወት ወይም በንብረት ላይ ሊደርስ የሚችልን አደጋ ለመከላከል፣ ተለይቶ የታወቀ አንድ ሥራ ለመሥራት፣ ወይም በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት ብቻ ለሚደጋገም ሥራ ሲሆን ነው። በድንገት የተለቀቀን ቋሚ ቦታ ለጊዜው መሸፈንም ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ከ45 ተከታታይ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ የሚፈቀደውም ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ምግብና መጠጥ ማቅረብ ግን የሆቴሉ የዘወትር ሥራ ነው። ሆቴሉ ቁርስ፣ ምሳና እራት የሚያቀርብ እስከሆነ ድረስ አስተናጋጅ ያስፈልገዋል፤ እርስዎ ሲወጡም በቦታዎ ሌላ ሰው ቆሞ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሆቴሉ ችሎት ፊት ሊያነሳው የሚችለው ጠንካራ መከራከሪያ ወቅታዊነት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ጣና ዳር ያለ የእንግዳ ሥራ ወቅት እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ከመስቀል ጀምሮ በገና አድርጎ እስከ ጥምቀት ድረስ ጀልባዎቹ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ ይመላለሳሉ፣ አልጋም ይሞላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሐይቁ ሲደፈርስ፣ ዝናቡም ሲበረታ፣ በረንዳው ላይ ያሉት ወንበሮች ተገልብጠው ይውላሉ። አሠሪው ይህንን ጠቅሶ ሥራው ወቅታዊ ነው ሊል ይችላል። ሕጉ ወቅታዊ ሥራ የሚለው ግን በዓመቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚሠራውን ነው እንጂ ዓመቱን ሙሉ እየተሠራ አንዳንዴ የሚቀዘቅዘውን አይደለም። የዘጌ ቡና ለቀማ ወቅታዊ ነው፤ ፍሬው ካልቀላ ለቃሚ አይጠራም። ለጥምቀት ሳምንት ብቻ የተጠሩ አሥር ተጨማሪ አስተናጋጆችም በተለየ የሥራ ጫና ምክንያት ለጊዜው ተቀጥረዋል ቢባል ያስኬዳል። የእርስዎን ውሎች ግን ይመልከቷቸው። አንዱ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ፣ ሌላው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። አራት ክረምት በሥራ ላይ አሳልፈዋል። ወቅታዊ ሠራተኛ ብሎ ለመከራከር ቢያንስ በቀዝቃዛው ወቅት ሥራ ያልነበረዎት መሆን ነበረበት። ውሎቹ ራሳቸው የሆቴሉን ክርክር ያፈርሱበታል።

«ስምንት ጊዜ በፈቃድሽ ፈርመሻል» መባሉም አይቀርም። ፊርማው የሥራ ግንኙነቱን ያረጋግጣል፤ ሕጉ የሰጠውን መብት ግን አያስቀርም። በሥራ ውል ላይ የሚቀመጡ ሁኔታዎች አዋጁ ለሠራተኛው ከሰጠው ያነሱ ሊሆኑ አይችሉም። በሁለት ውሎች መካከል የሚደረግ የጥቂት ቀናት ክፍተት ካለ ደግሞ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር የሚል ክርክር ይነሳል። እኔ ከያዝኳቸው ጉዳዮች በአንዱ አሠሪው በየውሉ መካከል ሠራተኛዋ ለአሥር ቀን ከሥራ ውጭ ነበረች ብሎ መልስ ሰጥቶ ነበር። ሠራተኛዋ ወጥ ቤት ውስጥ ዓሣ ተረካቢ ነበረች። ቤቷ ያስቀመጠችው በቅባት የወየበ፣ ዳሩ የተበላ ደብተር ነበራት፤ ከዓሣ አስጋሪዎቹ የተረከበችውን ቆሮሶና አምባዛ በኪሎ እየጻፈች አቅራቢውን ታስፈርምበታለች። ሥራ ላይ አልነበረችም በተባሉት ቀናት ሁሉ ሚዛኑም ፊርማውም አለ። ዳኛው ደብተሩን ገልጠው ቀኖቹን ከአሠሪው መልስ ጋር አንድ በአንድ ሲያመሳክሩ አይቻለሁ፤ ክፍተቱ በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ መሆኑ ያኔ ታወቀ። እርስዎም የፈረቃ ሰሌዳ ፎቶ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የሠራተኞች የቴሌግራም መልእክት፣ የደንብ ልብስ የተረከቡበት ወረቀት ካለዎት አንዱንም እንዳይጥሉ።

«ቋሚ እናደርግሻለን» የሚለው ተስፋ በራሱ መብት ይሰጣል ወይ የሚለው ለብቻው መታየት አለበት። አንዳንድ አገሮች ለሠራተኛው ተስፋ ራሱ የሕግ ጥበቃ ሰጥተዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የደቡብ አፍሪካ የሥራ ግንኙነት ሕግ፣ በጊዜ የተገደበ ውል ያለው ሠራተኛ ውሉ እንደሚታደስ በበቂ ምክንያት ተስፋ አድርጎ ከነበረና አሠሪው ካላደሰለት፣ ድርጊቱን ከሥራ እንደማሰናበት ይቆጥረዋል። ክርክሩ እዚያ «ምን ተብለሽ ነበር፣ ስንት ጊዜ ታደሰልሽ፣ ምን ጠበቅሽ» ወደሚል ይሄዳል። በእኛ አዋጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። አለቃዎ በቃል የገቡልዎትን ተስፋ ብቻ ይዘው ችሎት ቢቀርቡ ብዙ ርቀት አይወስድዎትም። ይህን የምልዎት ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም፤ በእኔ እምነት የእኛ ሕግ ለሠራተኛው ከዚያ የጠነከረ መሠረት ይሰጠዋል። ዳኛው የሚመረምረው የአሠሪውን ቃል ወይም የሠራተኛውን ልብ ሳይሆን የሥራውን ባሕርይ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ም ከሥራ ማሰናበት በቂ ምክንያት እንዲኖረው ይጠይቃል፤ በጊዜ የተገደበ ውል ከዚህ ጥበቃ ማምለጫ እንዳይሆን አገሮች ዋስትና እንዲያበጁም ያዛል። ስለዚህ በአቤቱታዎ ውስጥ ተስፋውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹት፤ ክርክርዎን ግን አንቀጽ 9 እና 10 ላይ ያቁሙት።

የዚህ ተስፋ ትልቁ ጉዳት የሚታየኝ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ቋሚ እሆናለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሳይጠይቅ ይኖራል። የዓመት ፈቃዱን አይጠይቅም፤ ሕጉ ግን ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል። የትርፍ ሰዓቱን አያስቆጥርም። ከደመወዙ የተቆረጠው የጡረታ መዋጮ ገቢ መሆኑን አያጣራም፤ ከእርስዎ 4,500 ብር ላይ 7 በመቶው፣ ማለትም 315 ብር፣ ከእርስዎ፣ 11 በመቶው፣ ማለትም 495 ብር፣ ከአሠሪው ሊከፈል ይገባል፤ ኮንትራት መባል ብቻውን ከጡረታ አያስወጣም። ሴት ሠራተኞች ደግሞ ከዚህ የከፋ ይገጥማቸዋል። እርግዝናዋ መታየት ሲጀምር «ውልሽ አይታደስም» የተባለች ሠራተኛ በቢሮዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቋሚ እስክሆን መጠበቅ ነበረብኝ» ስትለኝ ሰምቻለሁ። ሕጉ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በእርግዝናዋ ወቅትም ሆነ ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ከሥራ ማሰናበትን የሚከለክል መሆኑን ነግሯት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ክረምቱ ሲያልፍ እንጠራሻለን» የሚለውም ቢሆን ሕጋዊ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር። አዋጁ ከሥራ ውል የሚመነጩ መብትና ግዴታዎችን ለጊዜው ስለማገድ ይደነግጋል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣና አስቀድሞ ሊታሰብ ባልቻለ የገንዘብ ችግር ምክንያት ሥራው ቢያንስ ለአሥር ተከታታይ ቀናት የሚቋረጥ ሲሆን፣ አሠሪው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ አሳውቆ ውሉን ማገድ ይችላል፤ እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም፤ ጊዜው ሲያበቃም ሠራተኛው ወደ ቦታው ይመለሳል። በኮሮና ጊዜ፣ ከዚያም በጦርነቱ ዓመታት እንግዳ ድንገት ሲጠፋ ይህ መንገድ ለብዙ ሆቴሎች ክፍት ነበር። ክረምት ግን በየዓመቱ በቀኑ የሚመጣ ነገር ነው፤ አስቀድሞ ሊታሰብ ያልቻለ ሊባል አይችልም። ለማንኛውም የእርስዎ ሆቴል እገዳ አላደረገም፤ ውልሽ አልቋል ነው ያለው፤ ስለዚህ የይርጋው፣ ማለትም ለመክሰስ የተሰጠው፣ ጊዜ እየቆጠረ ነው።

ስለ ሠራተኛ አቅራቢው ድርጅት ደግሞ ይህን ይወቁ። አዋጁ ፈቃድ ያላቸው የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ሠራተኞችን በራሳቸው ስም ቀጥረው ለሌላ ድርጅት አገልግሎት እንዲያሰማሩ ይፈቅዳል፤ አሠራሩ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ጉዳቱ ከሆቴሉ ጋር ያለዎትን ግንኙነት በመልቀቂያ ደብዳቤ ቆርጠው ከኤጀንሲው ጋር እንደ አዲስ ሲፈርሙ የሚመጣ ነው። ያን ጊዜ አሠሪዎ ይቀየራል፤ የአራት ዓመት አገልግሎትዎ አይቆጠርም፤ አዲሱ አሠሪ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ሊያስፈርምዎት ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ብቁ አይደለሽም ካለ ያለማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብትዎት ይችላል። በዚያው አዳራሽ፣ ያንኑ ሳህን ይዘው፣ ያንኑ በረንዳ እየተመላለሱ ሙከራ ላይ ነዎት ማለት ነው። በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ደብዳቤ አንዴ ከተጻፈ፣ ተገድጄ ነው የጻፍኩት ብሎ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው።

ሐቁን ሙሉ ለሙሉ ልንገርዎትና፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ መሆን ማለት ከሥራ አይነኬ መሆን ማለት አይደለም። የሆቴሉ ገቢ በእውነት ከቀነሰ አሠሪው ሠራተኛ መቀነስ ይችላል፤ የባህር ዳር ሆቴሎች ባለፉት ዓመታት ስንት ባዶ አልጋ ይዘው እንደከረሙ ስለማውቅ ይህን ችግር አቃልዬ አላየውም። ልዩነቱ ምክንያት ማቅረብ፣ ማስጠንቀቂያ መስጠትና መክፈል ግዴታው መሆኑ ነው። ቅነሳው በርካታ ሠራተኞችን የሚመለከት ከሆነ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር ተማክሮ፣ በሥራ ችሎታና በምርታማነት ቅድሚያ ሰጥቶ፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ማድረግ አለበት። የስድስት ወር ውል እያፈራረቁ ማስፈረም ይህን ሁሉ ግዴታ ሠራተኛው ትከሻ ላይ ማራገፍ ነው፤ የሆቴሉ ችግር እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ሕጉ መፍትሔ ባስቀመጠለት ጉዳይ ላይ ይህን መንገድ ትክክል ነው ልል አልችልም።

በገንዘብ ደረጃ ምን እንደሚጠብቅዎት በራስዎ ደመወዝ እናስላው። 4,500ን ለ30 ስናካፍል የቀን ደመወዝዎ 150 ብር ይሆናል። የሥራ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ሆኖ ከሕግ ውጭ ተቋርጧል ከተባለና ወደ ሥራ ባይመለሱ፣ ካሳው የቀን ደመወዝ 180 ጊዜ ተባዝቶ 27,000 ብር ነው። አገልግሎትዎ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሆነ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ሁለት ወር፣ ይኸውም 9,000 ብር ነው። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ሦስተኛው ይታከልበታል፤ ስለዚህ 4,500 እና ሦስት ጊዜ 1,500፣ በድምሩ 9,000 ብር ይደርሳል። ሦስቱ ሲደመሩ 45,000 ብር ነው፤ ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል። በአንጻሩ ችሎቱ ውልዎ በጊዜ የተገደበ ነው፣ ጊዜውም አልቋል ካለ ካሳ አያገኙም። ከእንግዶች የሚገኘው የአገልግሎት ክፍያም ሆነ ጉርሻ በሕጉ እንደ ደመወዝ ስለማይቆጠር በስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ የሆቴል ሠራተኞች እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚያዝኑ አስቀድመው ይወቁት። ወደ ሥራ ይመለሱ ከተባለ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወስንልዎት ይችላል፤ ሆኖም እርስዎ መመለስ ቢፈልጉም እንኳ ግንኙነቱ መቀጠሉ ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ በካሳ እንዲሰናበቱ የመወሰን ሥልጣን አለው።

ክሱ የሚቀርበው በክልላችን የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን ላለው የወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብለው አይቅሩ። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ በተግባር ሊራዘም ስለሚችል ግን ለዚያም ይዘጋጁ። በአቤቱታዎ ላይ በቅድሚያ ወደ ሥራ የመመለስ ዳኝነት ከውዝፍ ደመወዝ ጋር ይጠይቁ፤ ይህ ካልሆነ በአማራጭ ካሳውን፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያውንና የስንብት ክፍያውን በየስማቸው ለይተው ያስቀምጡ። የክፍያ ጥያቄዎች ይርጋ ስድስት ወር ነው፤ ወደ ሥራ የመመለሱ ግን ሦስት ወር ስለሆነ በአጭሩ ጊዜ ይመሩ። የከተማው አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ዘንድ ሄዶ ማመልከት ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ በአንድ ስልክ የሚፈታ ነገር አለ። ነገር ግን እዚያ አመልክቻለሁ ብለው የፍርድ ቤቱን ቀን እንዳያሳልፉ። ስምንቱም ውሎች በእጅዎ ከሌሉ አሠሪው ከማኅደርዎ አውጥቶ እንዲያቀርብ ትእዛዝ እንዲሰጥልዎት በአቤቱታው ላይ ይጠይቁ። ምስክር ሲመርጡ አሁንም በሆቴሉ የሚሠሩ ጓደኞችዎን ባያስጨንቋቸው እመርጣለሁ፤ ቀድመው የለቀቁ ሁለት ሰዎች፣ ወይም ዘወትር ጠዋት የሚያገኙዎት የእንጀራ አቅራቢ፣ በነጻነት ይናገራሉ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ከሁሉም ይከብደኛል። የጣና ዳር የሆቴል ሥራ አስኪያጆች እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ፤ «ይህች ከሳሽ ናት» የሚል ወሬ ሊደርስ ይችላል፤ አይደርስም ብዬ ላጽናናዎ አልፈልግም። ሕጉ በዚህ ላይ የሚሰጥዎት አንድ ነገር አለ። የሥራ ውልዎ ሲቋረጥ አሠሪው ይሠሩት የነበረውን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመንዎንና ያገኙት የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ክስ መሥርተው መሆን አለመሆንዎ ይህን አይለውጠውም። ማስረጃውን አሁኑኑ፣ ነገሩ ሳይካረር፣ በጽሑፍ ይጠይቁና የጠየቁበትን ደብዳቤ ቅጂ ማኅተም አስመትተው ይያዙ። በደብዳቤው ላይ «ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በአስተናጋጅነት» ብለው ቀኑን ሳያቋርጡ ይጻፉ፤ ሆቴሉ በዚያው አገላለጽ ከመለሰልዎት፣ ለሌላ አሠሪ የሚያሳዩት ወረቀት ለችሎቱም የአራት ዓመት ያልተቋረጠ አገልግሎት ማስረጃ ይሆንልዎታል።